የባሕር እጮች ለምን ይንሳፈፋሉ? ለመብላት ነው ወይስ ለመሰራጨት?

ሰማያዊ ጠብታ

ሰላም ለቤቱ። ስለ ባሕር ጃርት (ያ ድንጋይ ላይ የሚኖረው እሾሃም የባሕር እንስሳ) ሳነብ አንድ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። እዚህ አዋቂ ስለማይጠፋ ልጠይቅ።

ሴቷ እንቁላሏን፣ ወንዱም ዘሩን ውሃ ውስጥ ይለቃሉ። ከዚያ በቃ፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የተፈለፈለው እጭ ለሳምንታት እየተንሳፈፈ ጥቃቅን ዋቅላሚ (አልጌ) ይለቅማል፣ ያድጋል፣ ከቀናው ታች ወርዶ ጃርት ይሆናል። የሚቀናው ግን ከስንት አንዱ ነው። በሌላ በኩል እጫቸው ጭራሽ የማይበላ የባሕር ጃርቶች አሉ። እናትየው እንቁላሉ ውስጥ ባኖረችለት ስብ ጥቂት ቀን ይቆይና ይሰፍራል።

አንደኛ፣ የማይበላው ነገሩ እንዲህ ቀሎት ሳለ የሚበላው ለምን ይንከራተታል? ሁለተኛ፣ ያነበብኩት ሁሉ «እጭ የመሰራጫ ዘዴ ነው» ይላል። ወላጆቹ ድንጋይ ላይ የሚውሉ ስለሆኑ ልጆቻቸውን በውሃ ይልካሉ ነው ነገሩ። ግን በዚህ ዓይነት ኪሳራ ርቆ መሄድ ምን ይጠቅማል? እኔ እናት ብሆን ልጄን እዚያው አጠገቤ ነበር የማስቀምጠው።

አጉሊ መነጽር

እህቴ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ ነው። የእኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር፦ እጩ ውሃ ላይ የወጣው ሊበላ ነው። ውሃው ይዞት መሄዱ ከምግቡ ጋር የመጣ ጣጣ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያስተምረው።

በእናትየው እንጀምር። ለመራቢያ የምታወጣው ጉልበት የተወሰነ ነው። ወይ ብዙ ትንንሽ እንቁላል ትሠራለች፣ ወይ ጥቂት ትልልቅ። ትንሹ እንቁላል ስንቅ የለውም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ ለቅሞ መብላት ግዴታው ነው። ትልቁ ስንቁን ቋጥሮ ይወጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አሉ። ሄሊዮሲዳሪስ ቱበርኩላታ እንቁላሉ 95 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያህል ነው። እጩ ይበላል፣ ለመስፈር ሳምንታት ይፈጅበታል። ሄሊዮሲዳሪስ ኤሪትሮግራማ ደግሞ እንቁላሉ ከ400 ማይክሮሜትር በላይ ነው። በይዘት ሲሰላ ከ70 እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። እጩ የሚሠራ አንጀት የለውም፣ በሦስት አራት ቀን ይጨርሳል። ሁለቱ ጃርቶች አድገው ሲታዩ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል። ልዩነቱ ያለው ልጅነታቸው ላይ ነው።

ሪቻርድ ቫንስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን በሒሳብ ሠርቶት ነበር። ስሌቱ የሚለው፣ አዋጩ ከሁለቱ ጫፎች አንዱ ነው፣ መሃል ላይ ያለው አይበረክትም። በእርግጥም መሃል ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው። ክላይፒያስተር ሮዛሴየስ የተባለው ጠፍጣፋ የጃርት ዘመድ እጩ ካገኘ ይበላል፣ ካጣም ሳይበላ ማደጉን ይጨርሳል። እንዲህ ያለው እንደ ብርቅ ነው የሚጠቀሰው።

አሁን አበላሉን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የሚያምረው እሱ ነው። የባሕር ጃርት እጭ ፕሉተስ ይባላል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፣ እንደ መስታወት ያሳልፋል። መጀመሪያ አራት፣ በኋላ ስምንት ክንዶች አሉት። እያንዳንዱ ክንድ ውስጥ ቀጭን የኖራ ዘንግ አለ። በክንዶቹ ጠርዝ ላይ ሲሊያ የሚባሉ ረቂቅ ጸጉሮች በመስመር ተሰልፈው ያለ እረፍት ይመታሉ። ይህ መስመር መዋኛውም ማጥመጃውም ነው። ውሃው በክንዶቹ መሃል ያልፋል። አንድ የዋቅላሚ ህዋስ ሲመጣ እዚያች ቦታ ላይ ያሉት ሲሊያዎች ብቻ ለቅጽበት ወደ ኋላ ይመታሉ። ህዋሱ ከውሃው ጋር ከማምለጥ ይመለሳል። እንዲህ እየተመለሰ፣ እየተገፋ አፉ ጋ ይደርሳል። አፉ ደግሞ የማይፈልገውን መልሶ መትፋት ይችላል። በማይክሮስኮፕ ስታዪው ሆዱ የበላውን ቀለም ይዟል። ዱናሊዬላ የሚባለውን ዋቅላሚ ከሰጠሽው አረንጓዴ፣ ሮዶሞናስ ከሰጠሽው ቀላ ያለ።

ሲበላ ቆይቶ በግራ ጎኑ ላይ ትንሽ ጃርት ማብቀል ይጀምራል። አዎ፣ በአንድ ጎኑ ላይ ነው። ሲደርስ የትንሿ ጃርት እግሮች ከእጩ አካል ወጥተው ወለሉን ይዳብሳሉ። ከተመቻቸው ክንዶቹ ይሟሽሻሉ፣ ሌላ እንስሳ ሆኖ ቁጭ ይላል። አዲሷ ጃርት የሚሠራ አፍ እስክታወጣ ቀናት ስለሚፈጅባት እጭ ሳለች የበላችው ነው የሚያሻግራት።

ይህን ሁሉ ምግብ ድንጋይ ሥር ተደብቆ አያገኘውም። ዋቅላሚው ያለው ብርሃን ባለበት ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይወጣል። ከወጣ በኋላ የት እንደሚወሰድ ምርጫው አይደለም።

ቧልተኛው

በግራ ጎኑ ላይ ወላጁን የሚመስል ነገር የሚያበቅል ልጅ! እኔ የጥበብ ጥርስ ሳበቅል ነው አገር ይያዝልኝ ያልኩት።

ቁጥር ወዳድ

አጉሊ መነጽር ጥሩ ጽፈሃል፣ መደምደሚያህን ግን አልቀበለውም። «ጣጣ ነው» ብሎ መዝጋት ይከብዳል።

እንቁጠር። እንደ ጃርቱ በሲሊያ የሚዋኝ እጭ በራሱ የሚሄደው ቢበዛ በሰከንድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ብዙዎቹ አንድም አይሞሉም። መካከለኛ የሆነ የባሕር ፍሰት ግን በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። በቀን ከ8 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነው። በሦስት ሳምንት 180 ኪሎ ሜትር። ሩዶልፍ ሸልቴማ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአትላንቲክ መሃል መረብ እየጎተተ የቀንድ አውጣ እጮችን አውጥቷል። ወላጆቻቸው የባሕር ዳር እንስሳት ናቸው፣ እጮቹ ግን ከየትኛውም ዳርቻ ርቀው ውቅያኖስ ሲያቋርጡ ነው የተገኙት። ፉሲትሪቶን ኦሬጎኔንሲስ የተባለው ቀንድ አውጣ እጭ ደግሞ በቤተ ሙከራ ውስጥ ለአራት ዓመት ተኩል እጭ ሆኖ ኖሮ ከዚያ በኋላ መለወጥ ችሏል። በ2007 የታተመ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ቅሪተ አካል አለ። የቀንድ አውጣ ዛጎል ጫፉ ላይ የልጅነት ዛጎሉን እንደያዘ ይቀራል። ያቺን ጫፍ አይቶ ይህ እጩ ሲበላ ያደገ ነው፣ ያ ስንቅ ይዞ የወጣ ነው ማለት ይቻላል፣ እንስሳው ከሞተ ሚሊዮን ዓመታት ቢያልፉም። ዴቪድ ጃብሎንስኪና ሌሎችም እንዲህ ለይተው ሲያዩ፣ የሚበላ እጭ የነበራቸው ዝርያዎች ሰፋ ባለ ቦታ ተሰራጭተው፣ ረዘም ላለ ዘመንም ቆይተው ተገኝተዋል። ይህ ጥቅም ካልሆነ ምን ጥቅም ይባላል?

አጉሊ መነጽር

ዝርያው ረዥም ዘመን መኖሩ ለዝርያው ነው። ለአንዲት እናት በዚህ ዓመት ምን ይጠቅማታል? የምንጨቃጨቀው እሱ ላይ ነው። እሷ የኖረችበት ድንጋይ ልጅ ማሳደግ እንደሚችል የተረጋገጠ ነው፣ ማስረጃው ራሷ ናት። 180 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ግን አሸዋ ይሁን ጥልቅ ባሕር ማን ያውቃል። ሪቻርድ ፓልመርና ሪቻርድ ስትራዝማን በ1981 ያነሱት ይህንኑ ነው። ጥቂት ራቅ ማለት ይጠቅም ይሆናል፣ ልጆችሽ ሁሉ በአንድ መጥፎ ቀን እንዳያልቁ። ከዚያ በላይ በራቁ ቁጥር ግን የሚጨመረው ጥቅም ኢምንት ነው።

ቅሪተ አካሉን አልክድም። ግን ዛሬ በሕይወት ያለ፣ ነገሩን የሚገለብጥ ምሳሌ ልስጥህ። ሮኮል የምትባል ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በሰሜን አትላንቲክ ብቻዋን የቆመች የድንጋይ ጉብታ አለች። ሊቶሪና ሊቶሪያ የተባለው ቀንድ አውጣ ለሳምንታት የሚንሳፈፍ እጭ አለው። የሥጋ ዘመዱ ሊቶሪና ሳክሳቲሊስ ግን እጭ የሚባል ነገር የለውም። ልጆቹን ሆዱ ውስጥ አሳድጎ የሚራመዱ ሆነው ነው የሚያወጣቸው። ሮኮል ላይ የቱ ያለ ይመስልሃል? ሳክሳቲሊስ ነው። ያ ተንሳፋፊው የለም። ኬርስቲን ዮሐንሶን በ1988 የጻፈችው ነው።

ምክንያቱ ሲያስቡት ግልጽ ነው። አንዲት ያረገዘች ሳክሳቲሊስ በባሕር ሳር ወይም በእንጨት ላይ ተጣብቃ ብትደርስ ልጆቿ እዚያው ይወለዳሉ፣ እርስ በርስ ይራባሉ፣ ሕዝብ ይሆናሉ። ሊቶሪያ ግን አንድ ሁለቱ ቢደርሱም እጫቸው ከድንጋዩ ተነስቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። የሄዱበት መንገድ መልሶ ወሰዳቸው።

በ2011 ጃፓን ላይ ከደረሰው ሱናሚ በኋላም የታየው ይህ ነው። የተሰባበረ ጀልባ፣ ፕላስቲክ፣ ተንሳፋፊ የወደብ አካል ሳይቀር ፓስፊክን አቋርጦ ሰሜን አሜሪካና ሃዋይ ደረሰ። በላዩ ላይ ወደ 300 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያዎች በሕይወት ተገኙ፣ አንዳንዱ ለዓመታት ተንሳፍፎ። ያደጉ እንስሳት ናቸው ዕቃው ላይ ተጣብቀው የሄዱት። ለመራቅ እጭ መሆን ግድ አይደለም።

ሊቀ ሸርጣን

ሁለታችሁም እጩን እንደ ገለባ ነው የምታወሩት። ነፋስ የወሰደው ቦታ የሚሄድ። ሸርጣን ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም።

የሸርጣን እጭ ዞያ ይባላል። እሾህ የሚመስል ረዥም ሹል ግንባሩ ላይና ጀርባው ላይ አለው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን አለው፣ አዳኝ ነው። ዋቅላሚ ብቻ አይጠግብም፣ ከራሱ ያነሱ እንስሳትን ይዞ ይበላል። ወደ ጎን ብዙ መዋኘት አይችልም፣ ቁጥር ወዳድ ልክ ነህ። ወደ ላይና ወደ ታች ግን ይችላል፤ ያ ይበቃዋል። ምክንያቱም ውሃ በየጥልቀቱ አንድ ዓይነት አይፈስም። የላዩ ወደ ባሕር ሲወጣ የታችኛው ወደ ወንዝ አፍ ሊገባ ይችላል። ከወለሉ አጠገብ ደግሞ ፍሰቱ ደካማ ነው።

ሪትሮፓኖፒየስ ሃሪሲ የተባለው ትንሹ የጭቃ ሸርጣን እጩ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ነው የሚያድገው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ጠብቆ ከፍና ዝቅ ስለሚል ብዙ ሳይወሰድ እዚያው ይቆያል። ሰማያዊው ሸርጣን ካሊኔክቴስ ሳፒዱስ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ የተፈለፈለው ዞያ ላዩ ላይ ሆኖ ወደ ውቅያኖስ ይወጣል። እዚያ ሰባት ስምንት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ከዚያ ሜጋሎፓ ወደሚባለው ደረጃ ሲደርስ መመለስ ይጀምራል። ሌሊት ባሕሩ ሲሞላ ይነሳና ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲጎድል ወለል ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በእግሩ ሳይሆን በሰዓቱ ነው የሚጓዘው።

ስለዚህ «ምርጫው አይደለም» የሚለው ለጃርት ይሠራ ይሆናል፣ ለሸርጣን ግን አይሠራም። አንድ ደግሞ የምወደው ልጨምር፦ የእሾሃማ ሎብስተርና የዘመዶቹ እጭ ፊሎሶማ ይባላል። ወረቀት የመሰለ ጠፍጣፋ፣ ውስጡ የሚታይ ነው። አንዳንዶቹ ጄሊፊሽ ላይ ተሳፍረው ነው የሚገኙት። የተሳፈሩበትንም ይበሉታል።

ቧልተኛው

ታክሲውን የሚበላ ተሳፋሪ። ይህን ውይይት ወደድኩት።

እንግዳ 12

እኔ የምጠይቀው ስለ መስፈር ነው። ዓይን የሌለው፣ ከነጥብ የማይበልጥ ፍጥረት «እዚህ ነው ቦታዬ» ብሎ እንዴት ያውቃል? በአጋጣሚ ነው?

ሊቀ ሸርጣን

አጋጣሚማ አይደለም። ባርናክልን ውሰድ፣ ያ መርከብ ታች ተጣብቆ የሚያስቸግረው ነጭ ዛጎል። ለረዥም ዘመን ሰው የቀንድ አውጣ ወገን ነው ሲለው ነበር። ጆን ቮን ቶምፕሰን በ1830 እጩን ተከታትሎ የሸርጣንና የሽሪምፕ ወገን መሆኑን አሳየ። ዳርዊን ራሱ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ገደማ በባርናክል ላይ አጥፍቷል።

የባርናክል እጭ ሁለት ኑሮ አለው። መጀመሪያ ናውፕሊየስ ነው፣ ይበላል፣ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። ቀጥሎ ሲፕሪድ ይሆናል። ሲፕሪድ አይበላም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፣ ቤት መፈለግ፣ ናውፕሊየስ ሳለ ባጠራቀመው ስብ። ድንጋይ ሲያገኝ ከፊቱ ባሉት ሁለት አንቴናዎች ላይ ቆሞ ይራመዳል። ጫፋቸው ተለጣፊ ነው። ትንሽ ይሄዳል፣ ይዳብሳል፣ ይዞራል፣ ካልጣመው ለቆ ይዋኛል። በረገጠበት ሁሉ የፕሮቲን ዱካ ይተዋል፣ ሌላው ሲፕሪድ ሲመጣ ያን ዱካ ይለየዋል። ያደጉ ባርናክሎች ያሉበት ቦታም ይስበዋል። ነገሩ ልክ ነው፤ ሲያድግ የሚራባው ከጎረቤቱ ጋር ነው፣ ተነስቶ መሄድ አይችልማ። ሲወስን ሲሚንቶ መሰል ማጣበቂያ ያፈልቅና ራሱን በግንባሩ ይለጥፋል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው። ስቡ ሊያልቅበት ሲል ግን መራጭነቱ ይቀንሳል፣ ቀድሞ የተወውን ዓይነት ቦታ ይቀበላል ይባላል።

የኮራል እጭን ደግሞ ወደ ማረፊያው የሚጠሩት ቀይ ድንጋይ የሚመስሉ ኖራማ ዋቅላሚዎችና ድንጋዩን የሸፈኑ ባክቴሪያዎች ናቸው። ፌስቲላ የሚባል ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ አለ፣ ፖራይተስ የተባለ ኮራል ብቻ የሚበላ። እጩ ውሃ ውስጥ የዚያ ኮራል ሽታ ሲነካው መዋኛውን ሰብስቦ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ሽታው ካለፈ እንደገና ይዋኛል። እንዲህ እየሰመጠ እየተነሳ ኮራሉ ላይ ይወርዳል።

የኦይስተር ቤት

እኔ ሥራዬ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ማርባት ስለሆነ ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ ባልዲው ነው የሚታየኝ። ለሰማያዊ ጠብታ የመጀመሪያ ጥያቄ ትንሽ ልጨምር።

የፓስፊክ ኦይስተር እንቁላል ከተዳቀለ በኋላ በአንድ ቀን ገደማ ሁለት ቅርፊት ያወጣል። ያኔ ወደ 70 ማይክሮሜትር ነው። መዋኛው ቬለም ይባላል፣ በሲሊያ የታጠረ ክብ ነገር ነው፣ ከቅርፊቱ መሃል ወጥቶ ይሽከረከራል። አበላሉ ከጃርቱ የተለየ ነው። ሁለት የሲሊያ መስመሮች ፊት ለፊት ይመታሉ፣ መሃላቸው የገባውን ህዋስ ይዘው በቦይ ወደ አፍ ይወስዱታል። ሲነካ ሁሉንም ሰብስቦ ቅርፊቱን ዘግቶ ወደ ታች ይወድቃል። ጤነኛው ወዲያው ይነሳል። ባልዲው ግርጌ ተኝቶ የቀረ ብዙ ካየሁ ችግር አለ ማለት ነው።

ምግቡ የታወቀ ነው፦ አይሶክራይሲስ፣ ኬቶሴሮስ፣ ፓቭሎቫ የሚባሉ ዋቅላሚዎች። ሁሉም ጥቃቅን ናቸው፤ ትልቅ ህዋስ አፉ አይገባለትም። ጀማሪ የሚሳሳተው ግን በማስራብ አይደለም፣ በማጥገብ ነው። ውሃው አረንጓዴ እስኪሆን ያፈስበታል። ያልተበላው ዋቅላሚ ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያ ይነሳል፣ በነጋታው ባልዲው ሙሉ ሬሳ ነው። ውሃው መለወጥ አለበት፣ እጮቹም በወንፊት መለየት አለባቸው፣ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ።

ውሃው ከሞቀ በሁለት ሦስት ሳምንት 300 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ያኔ በሁለቱም ጎን ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ ዓይኑ ነው። እግርም ያወጣል። እነዚህን ለይተን የተፈጨ የኦይስተር ቅርፊት እንሰጣቸዋለን፣ እላዩ ላይ ይለጠፋሉ።

አጉሊ መነጽርን የምደግፍበት አንድ ነገር አለ። ያደጉ ኦይስተሮችና መስል የሚባሉት ባለ ሁለት ቅርፊት ዘመዶቻቸው ውሃ ሲያጣሩ እጭ ሲያገኙ እጭም ያጣራሉ፣ የራሳቸውን ዘር ጭምር። ስለዚህ ሰማያዊ ጠብታ «አጠገቤ አስቀምጠው ነበር» ስትል ሳቅኩ። አጠገባቸው የሚቆይ ጥቃቅን እጭ ምሳ ነው።

ሰማያዊ ጠብታ

ጋሼ ኦይስተር፣ እኔም ሳቅኩ! አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። እናንተ ባልዲ ውስጥ ትመግቡታላችሁ። ባሕር ላይ ምግብ ያጣው እጭ ምን ይሆናል? ቁጭ ብሎ ይሞታል?

አጉሊ መነጽር

ብዙው አዎ። ግን የሚያደርገው ነገር አለ፣ ይህ ነው እኔን የሚገርመኝ።

የባሕር ጃርት እጭ ምግብ ሲያንስ ክንዶቹን ያረዝማል። ሆዱን ያሳንሳል፣ ማጥመጃውን ያሰፋል። ምግብ ሲበዛ ደግሞ ክንዱ አጠር ይላል፣ ጉልበቱን ጃርቷን ማብቀል ላይ ያውላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው ይህ በግልጽ የታየው። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ ምግብ መኖሩን የሚያውቅበት ዶፓሚን በሚባለው ኬሚካል በኩል እንደሆነ አሳየ። በእኛም አንጎል ውስጥ ያለው ያው ዶፓሚን። ገና ምንም ሳይበላ፣ ዋቅላሚ መኖሩን አውቆ ነው ክንዱን የሚያሳጥረው።

ከዚህም ሌላ በውሃ ውስጥ የሟሙ አሚኖ አሲዶችን በቆዳው መምጠጥ ይችላል። ይህ ብቻውን አያሳድገውም፣ ግን ያቆየዋል። የአንታርክቲካው ጃርት ስቴረኪነስ ኖይማየሪ እጭ ውሃው ከዜሮ በታች በሆነበት ከ100 ቀን በላይ እየተንሳፈፈ የሚኖረው የሚያወጣው ጉልበት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው። ዴንማርካዊው ጉናር ቶርሰን በ1950 ወደ ዋልታዎች በተጠጋን ቁጥር የሚበላ እጭ ያላቸው ዝርያዎች ያንሳሉ ብሎ ነበር። የበጋው ዋቅላሚ ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚታይ ማለት ነው። በአመዛኙ ይሠራል፣ ግን ይህች ጃርት አልሰማችውም።

የኮከብ ዓሣና የሳንቲም መሰል ጃርት እጮች ደግሞ ራሳቸውን ይከፍላሉ። ከእጩ አካል ቁራጭ ይወጣና ሌላ ሙሉ እጭ ይሆናል። በ2008 የታተመ አንድ ሙከራ ላይ የሳንቲም መሰሉ ጃርት እጮች የዓሣ ዝልግልግ ያለበት ውሃ ሲገባባቸው ነው የተከፈሉት። ሁለት ትንንሾች ከአንድ ትልቅ ይልቅ ለዓሣ ዓይን አይገቡም።

ምግብ ሲትረፈረፍ የሚሆነውም መታወቅ አለበት። ኮራል የሚበላው የእሾህ አክሊል የተባለው ኮከብ ዓሣ፣ አንዷ ትልቅ ሴት በአንድ የመራቢያ ወቅት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከየብስ ጎርፍ ማዳበሪያና አፈር ይዞ ሲገባ ዋቅላሚው ይፈላል፣ ይሞት የነበረው እጭ ይተርፋል፣ ከዓመታት በኋላ ኮራሉን የሚያወድም መንጋ ይመጣል የሚል መላ ምት አለ። የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደጋግሞ ተጠቅቷል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው የሚለው ያከራክራል። እኔ ግን ከሺህ አንድ እንኳ ተጨማሪ ቢተርፍ ከዚህ ሁሉ እንቁላል ስንት እንደሚሆን ሳስብ አልጥለውም።

ቁጥር ወዳድ

እሺ፣ አቋሜን አልለቅም፣ ግን አንድ ነገር ላይ እስማማለሁ። ቀኑን በፍሰቱ ማባዛት ብቻውን አይበቃም። የኔ 180 ኪሎ ሜትር ጣሪያው ነው፣ ውሃው ቀጥ ብሎ ከሄደ። ባሕር ዳር ያለው ውሃ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ከዳርቻው አጠገብ ይዘገያል።

በጥልቅ ባሕር ፍል ውሃ አጠገብ የሚኖረው ግዙፉ ቱቦ ትል ሪፍቲያ ጥሩ ምሳሌ ነው። እጩ አይበላም። በ2001 ስቡና የሚያወጣው ጉልበት ተለክቶ፣ ስንቁ በአማካይ 38 ቀን እንደሚያቆየው ተሰላ። ፍሰቱ ተደምሮ ሲታይ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ብዙም አይደለም። እዚህ ላይ ግን አጉሊ መነጽር፣ ተጠንቀቅ። ፍል ውሃው ሲደርቅ እዚያ ያለው ሁሉ ያልቃል። ለሪፍቲያ እናት «የኖርኩበት ቦታ የተረጋገጠ ነው» ማለት አይሠራም። ልጇ መሄድ አለበት። በዚያ ላይ ለመብላት አይደለም የወጣው፣ እጩ አይበላማ!

ሙቀቱንም አትርሱ። ውሃው ሲሞቅ እጭ ቶሎ ያድጋል፣ የሚንሳፈፍበት ጊዜ ያጥራል። በ2007 ብዙ ዝርያዎች ላይ ተሰልቶ የታየ ነው። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ እጮች የሚደርሱበት ርቀት ሊያጥር ይችላል ማለት ነው። ለጥበቃ የተከለሉ የባሕር ቦታዎችን ምን ያህል አራርቀን እናድርግ ለሚሉ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አጉሊ መነጽር

ሪፍቲያን ሰጥቼሃለሁ። ቤቱ የሚፈርስበት እንስሳ ልጁን መላክ አለበት። ጃርትና ኦይስተር ላይ ግን አልንቀሳቀስም።

እንግዳ 12

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ይህን ሁሉ ርቀት የምትሉት በስሌት ነው። አንዱን እጭ ተከትሎ ከየት እንደመጣ ያየ አለ?

ሊቀ ሸርጣን

ተከትሎ ማየት አይቻልም ማለት ይቀላል። አስብ እስቲ፣ ውቅያኖስ ውስጥ ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር። ግን ዘዴ ተገኝቷል። የመስል እጭ ዛጎሉን የሚሠራው ከተወለደበት ውሃ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ያለው ውሃ ትንሽ ለየት ያለ የብረታ ብረት ቅንብር አለው፣ ያ ዛጎሉ ውስጥ ይቀራል። ደቡብ ካሊፎርኒያ ላይ ተመራማሪዎች መጀመሪያ እጮችን በተለያየ ቦታ ባሕሩ ውስጥ በዕቃ አድርገው አሳደጉ፣ የየቦታውን ምልክት እንዲያውቁ። ከዚያ አዲስ የሰፈሩ መስሎችን ሰብስበው የልጅነት ዛጎላቸውን በሌዘር እየነኩ ለኩ። በ2007 ነው የወጣው። ሁለት ዝርያ ነበር ያዩት። ብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ነበሩ፣ ሳምንታት ቢንሳፈፉም። ሁለቱ ዝርያዎች ግን የሄዱበት አቅጣጫ ተለያይቷል።

ቁጥር ወዳድ

20 እስከ 30 ኪሎ ሜትርም ቢሆን ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ለሚኖር እንስሳ ቀላል አይደለም፣ ልብ በሉልኝ።

ሰማያዊ ጠብታ

ለጥያቄዬ ከበቂ በላይ አገኘሁ። ጋሼ ኦይስተር፣ አንዲት ነገር ብቻ፦ እጮቹን በወንፊት ስትለዩ አይጎዱም? ቅርፊታቸው እንዲያ ስስ ሆኖ?

የኦይስተር ቤት

ወንፊቱ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከሆነ አይጎዱም። አየር ላይ አንስተሽ ውሃውን ከላይ ካንዠቀዠቅሽበት ነው የሚሰባበሩት። ወንፊቱን ውሃ የያዘ ሰፋ ያለ ሳህን ውስጥ አስቀምጪው፣ ከባልዲው በቀጭን ቱቦ ቀስ እያልሽ ሳቢው፣ ሁልጊዜ ታቹ ውሃ እንዳይለየው። ውሃው ደግሞ ከባልዲው ጋር እኩል የሞቀ ይሁን።